ብርሃንን በጊዜ ስለ መለካት



በፎገራ ሜዳ በቀትር አንድ ልጅ በዋርካ ጥላ ሥር ቢቆም፥ የሰው ዓይን የልጁንም ፊት ፀሐይ ያረፈበትንም ሜዳ ያያል። ተራው የፎቶግራፍ መሣሪያ ግን ሜዳውን ሲያሳይ ፊቱን ያጠቍራል፤ ፊቱን ሲያሳይ ሜዳውን ያነጣል።

ምክንያቱ ይህ ነው፤ መሣሪያው ብርሃን ለሚቀበሉት ነጥቦቹ ሁሉ እኩል ጊዜ ይሰጣል። ይህም በክረምት ዝናብ ብዙ እንስራ በደጅ ደርድሮ ሁሉንም ባንድነት እንደ ማንሣት ነው። ከአሸንዳ በታች ያለው ሞልቶ ይፈሳል፤ ከዛፍ ሥር ያለው ታቹ እንኳ አይርስም። የፈሰሰውን ማን ይለካዋል?

አስተዋይ ሰው ግን እያንዳንዱ እንስራ እስኪሞላ የቈየውን ጊዜ ይቈጥራል። ፈጥኖ ከሞላ ዝናቡ ብርቱ ነው፤ ከዘገየ ደካማ ነው። ክሪስቶፍ ፖሽና ባልደረቦቹ በኦስትሪያ አገር በዚህ ጥበብ የሠሩትን መሣሪያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ዓመት ገለጡ። ከ70,000 የሚበልጡት ነጥቦቹ እያንዳንዳቸው መጀመሪያውንና መጨረሻውን በኤሌክትሪክ ምት ያስታውቃሉ፤ በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ የብርሃኑን ብርታት ይነግራል። ስለዚህ አንዱ ብርሃን ከሌላው 10 ሚሊዮን እጥፍ ቢበልጥ እንኳ ሁለቱን ለይቶ ያውቃል።

የሰውም ነርቭ ለዚህ ቅርብ ነው። በ1932 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ፥ እንግሊዛዊው ኤድጋር አድሪያን፥ ስሜት ሲበረታ የነርቭ ምት እንደሚፈጥን እንጂ እንደማይተልቅ አስረዳ።

መምህራን ይህን በሁለት ጣሳና በውሃ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ልጆቹም የእጃቸውን የደም ሥር ምት እየቈጠሩ ጊዜውን ይለኩ። ፈጥኖ የሚሞላም ዘግይቶ የሚሞላም ልጅ አለና፥ የዘገየውን ባዶ ነው ብሎ አስቀድሞ ማንሣት አይገባም።