ስሙ የጠፋበት ብስክሌት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ንግግር እንዳደርግ በታዘዝኩ ጊዜ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም ልናገር ወይስ ስለ ወጣቶች ኃላፊነት እያልኩ ብዙ አወጣሁ፣ ብዙ አወረድኩ። ነገር ግን ስለነዚህ ጉዳዮች ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች በየዓመቱ በሚገባ ስለ ተናገሩ፣ እኔ በእጄ ነክቼ ስላወቅሁት አንድ ነገር ብቻ መናገርን መረጥኩ። ይኸውም አንድ አሮጌ ብስክሌት ነው። በነገሬ ትንሽነት እንዳትስቁብኝ እየለመንኩ ልጀምር።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት በጅጅጋ ገበያ፣ ከቶጎ ውጫሌ በኩል የመጡ አሮጌ ዕቃዎች በሚሸጡበት ጥግ ሳልፍ፣ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ ምድጃዎች መካከል ተጋድሞ አየሁት። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ቴላዮው ቀጭን የሆነ የውድድር ብስክሌት ነው። ጎማዎቹ ተበጣጥሰዋል፤ ሰንሰለቱ ዝጎ እንደ ዱላ ቀጥ ብሏል፤ ሁለመናውም የበር ጥቁር ቀለም በወፍራም ብሩሽ ተለቅልቆበታል። ሻጩ በ5,000 ብር ጀምሮ በ3,200 ተስማማን። ይህም ገንዘብ ሁለት ክረምት ሙሉ ሕፃናትን ሒሳብ እያስጠናሁ ያጠራቀምኩት ነበር። ተሸክሜው ቤት ስገባ አባቴ ቆም ብሎ ተመለከተና፣ «ልጄ፣ ብረት በኪሎ መግዛት ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የፈለግሁት ማንነቱን ነው። ስሙ ያልታወቀ ብስክሌት መለዋወጫው አይታወቅም፤ መለዋወጫው ካልታወቀም አይጠገንም። በታችኛው ክፍል በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ የእጅ ሥራ መምህራችን ሞረድና ሞርሳ ከመያዛችን በፊት ያየነውን ሁሉ በደብተር እንድንጽፍ ያዝዙን ነበር። እኔም ደብተር ገዝቼ፣ ዳኛ ምስክሮችን አንድ በአንድ እንደሚጠይቅ ብስክሌቱን መጠየቅ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ምስክር ከመሪው በታች፣ ከፊት ለፊት ባለው ቧንቧ ላይ የሚገኘው የፋብሪካው ምልክት ነው። ከእኔው ብስክሌት ላይ ምልክቱ ተነቅሎ፣ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። ይህ ምስክር ሞቷል ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ምስክር ቀለም ነው። ጥቁሩን በብርጭቆ ወረቀት በጥንቃቄ ስፍቀው ከሥሩ ቀይ ወጣ፤ ከቀዩም ሥር ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ውብ የሰማይ ቀለም ታየ። ይህን ቀለም በቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ፈተና ይዞብኝ ይመጣልና።

ሦስተኛው ምስክር ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ቤት ሥር የተመታው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ተነበበ፤ ነገር ግን መዝገቡ በእጁ ለሌለ ሰው ቁጥር ብቻውን አይናገርም።

አራተኛው ምስክር ግን አፍ አለው። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው የኋላ መቀየሪያ የጃፓኑ የሺማኖ ፋብሪካ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሺማኖ በዚያ ዘመን በዕቃዎቹ ጀርባ ሁለት የላቲን ፊደሎች ይመታ ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱን ሲያመለክት፣ «ኤ» እንደ አውሮጳ አቆጣጠር 1976፣ «ቢ» 1977 እያለ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ፊደል ወሩን ያመለክታል። በእኔው ላይ «ጂ» እና «ኤፍ» ተመትቶበታል፤ ትርጓሜውም የ1982 ስድስተኛ ወር ነው። መቀየሪያው በኋላ የተተካ ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ብቻ አልፈረድኩም። የፔዳሉን ክንድ ብገለብጠው ግን «ጂ» እና «ዲ»፣ ማለት የዚያው ዓመት አራተኛ ወር ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ምስክሮች ስለ ተስማሙ፣ ብስክሌቱ በዚያ ዓመት ወይም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የተገጣጠመ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጻፍኩ።

አምስተኛውን ምስክር ለብቻዬ መጠየቅ ስላልቻልኩ ወደ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ሄድኩ። እኒህን ሰው «አዴር» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። በሶማሌ ወግ ሽማግሌውም ልጁን መልሶ በዚያው ቃል ስለሚጠራው፣ እርሳቸውም እኔን «አዴር» ይሉኛል። የፔዳሉን ቤት ክዳን በስተቀኝ በኩል ልፈታ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ስታገል አይተው፣ «አዴር፣ በሩን የምትከፍት መስሎህ እየቆለፍከው ነው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በጣሊያን ሥርዓት የዚህ ቤት ወርድ 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሁለቱም ክዳኖች ወደ ግራ ሲዞሩ ይፈታሉ። በእንግሊዝ ሥርዓት ግን ወርዱ 68 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቀኙም ክዳን የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የእኔው ሲለካ 68 ሆነ፤ ክዳኑም ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ ጮኾ ተፈታ።

እዚህ ላይ ስለ ስሞች ጥቂት ልበል። ብስክሌት ከጀርመናዊው ከድራይስ የ1817 ባለ ሁለት እግር ጋሪ ተነሥቶ፣ በ1885 እንግሊዛዊው ስታርሊ በሠራው «ሮቨር» አማካይነት የዛሬውን መልኩን ያዘ፤ በ1888 ደግሞ ደንሎፕ ነፋስ የሚሞላ ጎማ ጨመረለት። እኛ ግን ከዕቃዎቹ ስሞች ብዙዎቹን የወረስነው ከጣሊያን ነው። ቴላዮ፣ ራጂ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ጎሚስታ ስንል ጣሊያንኛ መናገራችንን አናስተውልም። ከተማችን ጅጅጋም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዚያ ጦር እጅ ነበረች። ሰዎቹ ሄዱ፤ የመፍቻዎቻቸው ቋንቋ ግን ቀረ። ይሁን እንጂ አገራችን መሣሪያውን የራሷ አድርጋዋለች። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችም ተሰልፈውላታል፤ ከነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ወደ ጥገናው ልመለስ። ከቀለምና ከጌጥ በፊት የሚመረመረው አጥንቱ ነው። ቧንቧዎቹ የተጋጠሙባቸውን ቦታዎች በጨርቅ ወልውዬ ስንጥቅ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ቀጥሎም አዴር እንዳስተማሩኝ፣ ሲባጎ ከኋላ እግሩ መሰኪያ ከአንዱ ጎን አሥሬ፣ በፊተኛው ቧንቧ አዙሬ፣ ወደ ሌላው ጎን መለስኩት። ሲባጎው ከኮርቻው ቧንቧ ያለው ርቀት በቀኝና በግራ እኩል ከሆነ ቴላዮው ቀጥ ያለ ነው። የእኔው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለተለያየ ምሕረት አደረግሁለት።

የኮርቻው ዘንግ አሉሚንየም፣ ቧንቧው ግን ብረት ስለሆነ፣ ሁለቱ ለብዙ ዓመታት ሲነካኩ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። በመዶሻ ልመታው ስነሣ አዴር ከለከሉኝ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በጠብታ እያፈሰስን አምስት ቀን ጠበቅን፤ በስድስተኛው ቀን እያወዛወዝን አወጣነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ኩሽኔታዎቹን ፈትቼ እንክብሎቹን በሳሕን ላይ ቆጠርኩ፤ ከኋላው እግር በየጎኑ 9፣ ከፊተኛው በየጎኑ 10 ነበሩ። ሁሉንም በናፍጣ አጥቤ፣ የተበሉትን በአዲስ ለውጬ ግሪስ ቀባሁ። ሰንሰለቱን ስለካው ሃያ አራት ዓይኖች 308 ሚሊ ሜትር ሆኑ፤ አዲስ ሰንሰለት ግን 304.8 ነው። እንዲህ የተለጠጠ ሰንሰለት ጥርሶቹንም ስለሚበላ ሁለቱን አንድ ላይ ለወጥኩ።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። የብስክሌቱ ጎማ 27 ኢንች ነበር። ገበያ ስጠይቅ፣ «28 ያለው ይገባል፤ ሁሉም አንድ ነው» ተባልኩ፤ እኔም ሳልለካ አመንኩ። የ27ቱ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ስፋት 630 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየገበያው ለከባዱ ብስክሌት የሚሸጠው 28 በ1½ ግን 635 ነው። የ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ለዓይን ምንም አይደለም። ከከራማራ ተራራ ቁልቁል ወደ ከተማ ስወርድ ግን ጎማው ከቸርኬው ወጣና ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ጣለኝ። የጉልበቴ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ደብተሬን አምኜ የሰውን አፍ ባላምን ኖሮ አይደርስብኝም ነበር። በኋላም አዴር አሮጌዎቹን የእግር እምብርቶች እንደያዙ፣ ዛሬ ጎማው በቀላሉ በሚገኝለት ባለ 622 ቸርኬ ላይ በአዲስ ራጂ አሰሩልኝ። የ8 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ለሁለት ሲካፈል የፍሬኑ ላስቲክ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ስላለበት፣ እርሱንም ለክተን አስተካከልን። ለጥገናው በጠቅላላው 4,300 ብር ወጣ።

ሥራው በታኅሣሥ አለቀ። ጥቁሩንና ቀዩን አንሥቼ የሰማዩን ቀለም ገለጥኩት፤ በሜዳው ላይ ነፋሱን እየቀደድኩ ስሄድ ልጆች «ባስኪል! ባስኪል!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። በዚያው ወራት ግን ታናሽ እኅቴ ከሰሌዳ ማንበብ አቅቷት ከጎረቤቷ ደብተር እየገለበጠች ስትማር እንደ ከረመች ታወቀ። ሐኪሙ መነጽር አዘዘላት፤ ዋጋውም 5,500 ብር ነበር። በቤታችን ያ ገንዘብ አልነበረም። ብስክሌቱን ልሸጥ ቆረጥኩ።

አንድ ነጋዴ መጥቶ ቀለሙን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ይህ የቢያንኪ ቀለም ነው» አለ። ቢያንኪ በ1885 በሚላኖ የተመሠረተ ፋብሪካ ነው፤ ዝነኛው ፋውስቶ ኮፒ በ1949 እና በ1952 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በዚህ ፋብሪካ ብስክሌት ነው፤ መለያውም እንዲህ ያለ የሰማይ ቀለም ነው። ነጋዴው፣ «ስሙን በጥሩ እጅ ጻፍበት፤ 25,000 ብር እሰጥሃለሁ። አዲስ አበባ ፈላጊ አለው። ያለ ስሙ ግን አልፈልገውም» አለኝ። የመሐሉ ቤት የእንግሊዝ ሥርዓት፣ ዕቃዎቹም የጃፓን መሆናቸውን ነገርኩት። እርሱም ቀላል ሰው ስላልነበረ፣ «ቢያንኪም ጃፓን ውስጥ ብስክሌት አሠርቷል» ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው፤ በ1980ዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ። እንግዲያው ይህ ብስክሌት ቢያንኪ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሐሰት መሆኑን ባውቅ ኖሮ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። ያስጨነቀኝ «ይሆናል» የሚለው ቃል ነው። በአንድ በኩል የእኅቴ ዓይን፣ በሌላ በኩል አንድ ትንሽ ብሩሽ። ሲነጋ ለአባቴ ነገርኩት። «ደብተርህ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስሙ አልታወቀም ይላል» አልኩት። «እንግዲያማ ጽፈኸዋል» አለና ወደ ሥራው ሄደ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ገንዘብ ያወጣዋል ግን ሲባል አልሰማሁም። ነጋዴው ሳይገዛኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ጠያቂ ጠፋ፤ እኅቴም ሦስት ሳምንት ከጎረቤቷ ገለበጠች። ይህን የምናገረው ትክክለኛ ሥራ ወዲያው ይከፍላል ብዬ እንዳልዋሻችሁ ነው። በመጨረሻ በቀብሪ በያህ የሚያስተምሩ አንድ መምህር መጥተው ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ የወደቅሁበትንም ገጽ አልዘለሉም። ከዚያም 9,000 ብር ቆጥረው፣ «ደብተሩንም ጨምርልኝ» አሉኝ። ጨመርኩላቸው። ብስክሌት በመሸጤ ያላለቀስኩት ደብተሩን ስሰጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ በሚመጣው ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በየፊናችን እንበተናለን። ብዙ የተቀባ ነገር እንገዛለን፤ አንዳንድ ጊዜም እኛው ብሩሹን እንድንይዝ እንጠየቃለን። ያን ጊዜ ያየነውን «አየሁ»፣ የለካነውን «ለካሁ»፣ ያላወቅነውንም «አላወቅሁም» ብለን ለመጻፍ ድፍረት እንዲኖረን እመኛለሁ።

እኅቴ መነጽሯን አድርጋ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ከእኔ በስተኋላ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የበዓሉን መርሐ ግብር ከመቀመጫዋ ሆና ስታነብ አይቻለሁ፤ የእኔ ንግግር ስንት ደቂቃ እንደ ተፈቀደለትም አንብባ በጣቷ እያመለከተችኝ ስለሆነ እዚህ ላይ አበቃለሁ።