ግስ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በሂሳብ ሪፖርት ነው። አስተማሪ አይደለሁም። ዛሬ ስለ ግስ ልናገር የቆምኩት ነገሩ ከሂሳብ መዝገብ ስለተነሣ ነው። ለልጆች ማቆያችን «የትምህርት መርጃ» በሚል ርዕስ ለተያዘው ገንዘብ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ሦስቱን ሳስተያይ የዋጋ ልዩነት እንጂ የዕቃ ልዩነት አላየሁም። የፍራፍሬ ሥዕል፣ የእንስሳት ሥዕል፣ የቀለማት ሥዕል፣ የሀሁ ገበታ። ሁሉም ስም ነው። የሚሮጥ፣ የሚያጥብ፣ የሚያፈስ አንድም የለበትም።

ስም አይጠቅምም አላልኩም። 33ቱን ፊደል በ7 ቤት፣ 231 አድርጎ የሚወጣ ልጅ ሲገኝ እኔም አጨበጭባለሁ። ነገር ግን ልጅ ሐሳቡን የሚነግረን በግስ ነው። አማርኛችን ደግሞ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። «መታኝ» ብትል አንዲት ቃል ናት፤ ማን እንደመታ፣ ምን እንደተደረገ፣ በማን ላይ እንደተደረገ ሁሉንም ይዛለች። «መታችኝ» ካለ የመታችው ሴት ልጅ መሆኗን አወቅን። «ወሰደብኝ» ካለ የተወሰደው ነገር የእሱ እንደነበረ ጭምር ተናገረ።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። በማቆያችን አንድ የአራት ዓመት ልጅ እያለቀሰ መጣ። ምን ሆንክ ሲባል «እሱ... እዚህ... እጄ...» ብቻ አለ። ሞግዚቷ ወድቆ መስሏት አባብላ አስተኛችው። እናቱ ማታ ገላውን ስታጥበው ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አገኘች። ልጁ የዝሆንንም የብርቱካንንም ስም ያውቃል። «ነከሰኝ» የምትለው ቃል ግን አልነበረችውም። የዚያን ዕለቱ ንክሻ ቀላል ነበር። ነገ ግን አንድ ትልቅ ሰው የማይገባ ነገር ቢያደርግበትስ በምን ቃል ይነግረናል?

እንግዲህ ግስ እንዴት ይያዛል? ብርቱካንን በጣት አሳይተን «ብርቱካን» ማለት ይቻላል፤ ብርቱካኑ ቆሞ ይጠብቀናል። ዝላይ ግን አይጠብቅም፤ ቃሉን ስንናገር ልጁ መሬት ደርሷል። ማይክል ቶማሴሎ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመውን ጥናት አንብቤ ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች አዲስ ግስ በተሻለ የያዙት ድርጊቱ ሊፈጸም ሲል ቃሉ ሲነገራቸው ነው። ድርጊቱ እየተካሄደ ሳለ ከተነገራቸው ያን ያህል አልያዙትም። እናቶች ይህን ሳናነብ እናደርገዋለን፤ «ና ልጠብህ»፣ «ቆይ ልሸፍንሽ» እንላለን። የሚቀረን ድርጊቱ ሲያልቅ መድገም ነው። «ልጠብህ»፣ ከዚያ «እያጠብኩህ ነው»፣ ከዚያ «አጠብኩህ»። ውኃው ያው፣ ሳሙናው ያው፤ ልጁ ግን ሦስት ጊዜ ሰማ።

የኛ ችግር «አድርግ» የምትባለው ቃል ናት። «እንዲህ አድርግ»፣ «እንደዚያ አታድርጊ» እያልን ውለን እናመሻለን። ቋንቋችን ግን ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ ቃል አለው። ሕፃን ይታዘላል ወይም ይታቀፋል፤ እንስራ እንሸከማለን፤ ዘንቢል እናንጠለጥላለን። እጅህን ታጠብ፣ ኩባያውን እጠብ። ቀሚስሽን ልበሺ፣ አሻንጉሊትሽን አልብሻት። እነዚህን ጥንዶች አንድ ልጅ ጎን ለጎን ከሰማ፣ ለራስ ማድረግና ለሌላ ማድረግ እንደሚለያዩ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ደግሞስ የባልትና ሥራችን ምን ሆኖ ነው? ከማቆያው ግድግዳ ማዶ በርበሬ እንቀነጥሳለን፣ ምስር እንለቅማለን፣ ሽሮ በወንፊት እንነፋለን፣ በሰፌድ እናበጥራለን፣ ነጭ ሽንኩርት እንወቅጣለን፣ እናምሳለን፣ እንሰፍራለን። የትኛው ፕሮፎርማ ይህን ያቀርባል? በርበሬ ለልጅ እጅ አይሆንም፤ ለዓይኑ ያስፈራል። ምስርና ትንሽ ሰፌድ ግን ለአራትና ለአምስት ዓመቶቹ ይበቃል። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ጥራጥሬ አይሰጥም፤ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ያንቃልም። ለእነሱ ውኃና ሁለት ጣሳ ይበቃቸዋል፤ ቅዳ፣ አፍስስ፣ ሙላ፣ ገልብጥ።

ትእዛዝም ጥሩ መምህር ነው፤ ቁጣ ካልታከለበት። ቁጭ በል፣ ብድግ በል፣ ጎንበስ በል፣ ቀና በል፣ ዞር በል። ልጆች እነዚህን ይወዷቸዋል፤ ድምፃቸው ራሱ እንቅስቃሴ አለው። እኛ ተማሪ ሳለን «ቁጭ ብድግ» ቅጣት ነበር፤ ለልጆቻችን ጨዋታ ይሁንላቸው። ጨዋታ ካነሣሁ አይቀር፣ የድሮ ጨዋታዎቻችን ስማቸውን ያገኙት ከግስ ነው። አባሮሽ ከማባረር፣ ድብብቆሽ ከመደበቅ።

እናቱን «እማዬ ና!» የሚል ወንድ ልጅ ሰምታችሁ ስቃችሁ ይሆናል። ምን ያድርግ? ለእሱ ሁልጊዜ የሚነገረው «ና» ነው። ከመሳቅ ይልቅ «እሺ መጣሁ፤ እኔን ነይ በለኝ» ማለት ይሻላል። በማቆያው አንዱ ልጅ ፊት ቆሞ ጓደኞቹን ይጥራ፤ ወንዱን ና፣ ሴቷን ነይ፣ ሁሉንም ኑ፣ እማማን ደግሞ ይምጡ። አክብሮቱንም በዚያው ይማራል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ያለችን አንዲት ሞግዚት ናት፤ ማብላትና ማስተኛት ብቻ ቀኗን ይጨርሰዋል። ከሦስቱ ፕሮፎርማዎች ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ፣ ገንዘቡ አንዲት ረዳት በግማሽ ቀን ለ4 ወር ያሠራል። የሀሁ ገበታው አንድ ይገዛ፤ የቀረው ለረዳቷ ይሁን ነው የምለው። ገንዘቡ ግን የተሰጠን ለዕቃ መግዣ ነው። ወደ ደመወዝ ለማዞር የድጋፍ ሰጪዎቻችን የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ከአንድ የወጪ ርዕስ ወደ ሌላ አላዞርም፤ ኦዲተሩም አይተኛም፣ እኔም አልተኛም። የጥያቄው ደብዳቤ ረቂቅ ተዘጋጅቷል፤ ከሻይ በኋላ ይነበብና ድምፅ እንሰጥበታለን።

እስከዚያው ድረስ አሮጌ ሰፌድ፣ ወንፊት ወይም ጣሳ ያላችሁ ሰኞ ጠዋት ለሞግዚቷ አስረክቡልኝ። በዕቃ መዝገብ ላይ አስገባዋለሁ።