ከጆሮ መግል እስከ ሕፃኑ ሁለንተና፦ የጨቅላ ሕፃናት የጆሮ ሕመም አያያዝ ታሪክ

በሂፖክራጥስ ስም የሚታወቁት ጥንታዊ የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት ከብርቱና ከማያቋርጥ ትኩሳት ጋር የሚመጣ የጆሮ ሕመም ለሕይወት እንደሚያሰጋ፣ ወጣቶችንም ከሽማግሌዎች ይልቅ ፈጥኖ እንደሚገድል መዝግበዋል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ጣሊያናዊው የሰውነት አካል ሊቅ ባርቶሎሜዎ ዩስታኪ የመካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ቱቦ በዝርዝር ገለጸ፤ ይህ ቱቦ በጨቅላ ሕፃን ላይ አጭርና አግድም በመሆኑ ጀርሞች ከጉሮሮ ተነሥተው ወደ ጆሮ ለመድረስ ብዙም አይቸገሩም።

ለረጅም ዘመን ሐኪሞችን ያስጨነቃቸው መግሉ የሚወጣበት መንገድ ነበር። በ1873 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም ሄርማን ሽቫርትሰ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት ከፍቶ መግሉን የማውጣትን ቀዶ ሕክምና በሥርዓት አቀረበ፤ በ1940ዎቹም ፔኒሲሊን በስፋት ሲሠራጭ መግሉ ወደ አንጎል ዘልቆ የሚያስከትለው ሞት እጅግ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ የጨቅላው ጉዳይ በዚህ አልተቋጨም። በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት የሰውነት መከላከያ ገና ስላልጠነከረ፣ በአንድ ቦታ የጀመረ ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ የደም መመረዝን፣ ማለትም መላ ሰውነትን የሚያናጋ ሕመምን፣ ወይም የአንጎልን ሽፋን የሚያስቆጣውን ማጅራት ገትርን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በ1985 በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ የወጣው መመዘኛ፣ ትኩሳት ካለባቸው ሕፃናት መካከል ጆሮው የመረቀዘውን «አደጋው ዝቅተኛ ነው» ከሚባለው ወገን አወጣው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁት የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ አያያዝ መመሪያም ከሁለት ወር በታች ባለ ሕፃን ጆሮ የሚታይን መግል ከብርቱ ኢንፌክሽን ምልክቶች መደበው። ኢትዮጵያ፣ ጋምቢያ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒና ፊሊፒንስ የተካፈሉበትና በ1999 የታተመው ጥናት በጨቅላዎች ላይ ብርቱ ሕመም የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ሲለይ፣ በ2008 የታተመው ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ ዝርዝሩን ወደ ሰባት ምልክቶች አጠበበው፤ እነርሱም ጡት ለመጥባት መቸገር፣ ማንቀጥቀጥ፣ ሲነካኩት ብቻ መንቀሳቀስ፣ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደረት ክፉኛ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት፣ እንዲሁም ከ35.5 ዲግሪ በታች የወረደ ሙቀት ናቸው። የጆሮ መግል ከእነዚህ መካከል አልገባም። በ2021 የታተመ ጥናትም ትኩሳት ሳይኖራቸው ጆሯቸው የታመመ፣ ከሦስት ወር ያልበለጡ ሕፃናት መካከል ደማቸው በተመረመረላቸው ላይ ባክቴሪያ አላገኘም።

ይህ ማለት የጆሮ መግል ችላ ይባል ማለት አይደለም፤ ሕክምና ያሻዋል። ታሪኩ የሚያስተምረው ግን የአደጋው መለኪያ የሕፃኑ ሁለንተና መሆኑን ነው፤ ስለዚህም ባለሙያው ሕፃኑ ጸጥ ባለ ጊዜ ደረቱን ገልጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቆጥራል፤ ሙቀቱን ይለካል፤ ጡት ሲጠባም ይመለከታል። ወላጅም ከሁለት ወር በታች ያለ ልጁ ቢያተኩሰው ወይም ጡት እንቢ ቢል፣ ጆሮው መግል ያዘለም ይሁን ያላዘለ፣ ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሊወስደው ይገባል።