የደፈረሰው ብልቃጥ



እ.ኤ.አ. በ1963 መገባደጃ ከኡጋንዳ ወደ ለንደን የሚበር አውሮፕላን ጉም አስቸግሮት ማንቸስተር አረፈ። የጫነው የአንድ ኡጋንዳዊ ልጅ ዕጢ ናሙና ሚድልሴክስ ሆስፒታል የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽም ደፍርሶ ነበር። የደፈረሰ ናሙና ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ የገባበት ስለሆነ ዕጣው መደፋት ነው። ተመራማሪው አንቶኒ ኤፕስታይን ግን ከመድፋታቸው በፊት ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩት። ባክቴሪያ የለም። ፈሳሹን ያደፈረሱት ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያው የካንሰር ሴሎች ነበሩ። ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ እነዚያን ሴሎች በላቦራቶሪ አሳድገው ውስጣቸው ያገኙትን አዲስ ቫይረስ በ1964 ይፋ አደረጉ። ቫይረሱ ኤፕስታይን-ባር ተባለ። የትሪኒዳድ ተወላጁ አቾንግ ከስያሜው ቀሩ፤ በላቦራቶሪ ሙያ ይህ ብርቅ አይደለም።

ከአሥር አዋቂዎች ቢያንስ ዘጠኙ ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ። ቲ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች አደብ ስለሚያስይዙት አይታወቃቸውም። የመቅኒ ንቅለ ተከላ የሚደረግለት ሰው ግን የራሱ መከላከያ በኬሞቴራፒና በጨረር ይጠፋል፤ ከለጋሹ የመጣው እስኪጠነክር ደግሞ ወራት ያልፋሉ። በዚያ ክፍተት ቫይረሱ ሊምፎማ ሊያስነሳ ይችላል። የሥጋ ዘመዱ ሳይቶሜጋሎቫይረስም ሳንባና አንጀት ያጠቃል። የተለመደው ክትባት እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም፤ ተማሪ በሌለበት ክፍል እንደ ማስተማር ነው።

በሲያትል ተመራማሪዎቹ ስታንሊ ሪዴልና ፊሊፕ ግሪንበርግ ሌላ መንገድ ያዙ፤ ቫይረሱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ሴል ከለጋሹ ወስዶ ለታካሚው መስጠት። በላቦራቶሪ የተባዙ፣ ሳይቶሜጋሎቫይረስን ለይተው የሚያጠቁ ቲ-ሴሎችን ለ3 ታካሚዎች መስጠታቸውን በ1992 አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ በሜምፊሱ ሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ክሊዮና ሩኒ፣ ሄለን ሄስሎፕና ማልኮም ብሬነር በኤፕስታይን-ባር ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ።

አሠራሩን ልብ በሉ። ከለጋሹ ደም ቢ-ሴሎች ይለዩና በቫይረሱ ይያዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ ይራባሉ። እንዳይራቡ በጨረር ይመቱና ከዚያው ለጋሽ ቲ-ሴሎች ጋር በአንድ ላይ ኢንኩቤተር ይገባሉ። ቫይረሱን የሚያውቁት ቲ-ሴሎች ይበዛሉ፣ ሌሎቹ ይመነምናሉ። ወራት በሚወስደው በዚህ ሥራ የሴሎቹ ምግብ በየጊዜው ይቀየራል፣ ይቆጠራሉ፣ ጀርም እንዳልገባባቸውና የታካሚውን ሴሎች እንደማያጠቁ ይመረመራሉ፤ በመጨረሻም በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣሉ። ታካሚው ዘንድ የሚደርሰው በደም ሥር የሚሰጥ ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ነው። ነርሷ በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች።

ውጤቱ በ2010 ታተመ። ሴሎቹን ከወሰዱት 114 ታካሚዎች መካከል 101ዱ ለመከላከያ ብቻ የተሰጣቸው ሲሆኑ፣ ከእነሱ አንድም ሰው ቫይረሱ በሚያመጣው ሊምፎማ አልተያዘም። ሊምፎማው ከያዛቸው 13 ታካሚዎች ደግሞ በ11ዱ በሽታው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ለመከታተያ ሲባል መለያ ጂን የገባባቸው ሴሎች ከ9 ዓመት ገደማ በኋላም በታካሚዎች ደም ውስጥ ተገኝተዋል።

የጠና ሕመምተኛ ግን ወራት መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ የኤዲንብራ ተመራማሪዎች የሌሎች ለጋሾችን ሴሎች አስቀድመው በባንክ አስቀመጡ፤ በ2007 ካቀረቧቸው 33 ታካሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በስድስተኛው ወር ለሕክምናው ምላሽ አሳይተው ነበር። በዚሁ መንገድ የተሠራው ኢብቫሎ የተባለ የሴል ሕክምና በዲሴምበር 2022 የአውሮፓ ኮሚሽንን ፈቃድ አገኘ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተሠርቷል። የኩላሊት ታካሚ ጉዳይ ከመቅኒው ይከብዳል፤ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ ዘወትር የሚወስደው መድኃኒት የሚሰጠውንም ሴል ያዳክማል። የሴል ባንክ በሌለበት ሆስፒታል ሐኪሙ የዚህን መድኃኒት መጠን የሚቀንሰው፣ ለሳይቶሜጋሎቫይረስም ጋንሳይክሎቪር የሚጀምረው፣ ፒሲአር በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን በጊዜ ሲነግረው ነው። ያ ውጤት ሁለት ሳምንት ከዘገየ ለታካሚው ብዙም አይረባውም።