ጥንቸሏ ልትወልድ ነው፣ ውርጩም ደርሷል

ሰላም፦ ዳዊት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ከገባ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እቤቱ ያረገዘች ጥንቸል ያለችው ሰው ከምን ይጀምር?

ዳዊት፦ ቀን ከመቁጠር። እርግዝናዋ 31 ቀን አካባቢ ነው። በ28ኛው ቀን የመውለጃ ሳጥኗ ይግባላት፤ ስትዞር የማይጠባት፣ ግን ያልተንጣለለ። ሰፊ ሳጥን ሙቀት አይይዝም።

ሰላም፦ ውስጡስ?

ዳዊት፦ ደረቅ ድርቆሽ ወይም የጤፍ ጭድ በደንብ ይጎዝጎዝ። ቀሪውን እናት ታውቅበታለች፤ የገዛ ጸጉሯን ነቅላ ታነጥፋለች። ግልገሎቹ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ነው የሚወለዱት፤ ያ ጸጉር ብርድ ልብሳቸው ነው።

ሰላም፦ እኔ የምፈራው፣ ሰው ብርዱን ሲሸሽ የጥንቸሏን ቤት በላስቲክ ጥርቅም አድርጎ እንዳይዘጋው ነው።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። እርጥበትና የሽንት ሽታ ሲታፈን ሳንባዋን ይጎዳል። ነፋስ የሚመጣበት በኩል ይከለል፣ ከላይ መተንፈሻ ይተውለት፣ ቤቱም ከመሬት ከፍ ይበል። ውሃዋ በረዶ እንዳይሠራ ጠዋት ጠዋት ይታይ።

ሰላም፦ አድማጮቻችን፣ እናቲቱ ግልገሎቿን ታቅፋ ስላልዋለች ጣለቻቸው ብላችሁ አትደንግጡ፤ የምታጠባው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ከሳጥኑ የወጣ ግልገል ካያችሁ ግን ቶሎ መልሱት፤ ብርድ ጊዜ አይሰጥም።