ቀድሞ የመጣ ለምን አይቀድምም?

እሱ፦ ድንገተኛ ክፍል ቀድሞ የመጣው ለምን ቀድሞ አይታከምም? ብዙ አስታማሚ የሚያስቆጣው ይኸው ነው።

እሷ፦ ተራውን የሚወስነው የሕመሙ ክብደት ስለሆነ ነው፣ ወንድሜ። በ1990ዎቹ እንግሊዝ አገር ማንችስተር የተነደፈውን ታካሚን በቀለም የመለያ ዘዴ እንይ፤ ቀይ የተሰጠው ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ነርሷ የበሽታውን ስም አትፈልግም። የአየር ቧንቧው ክፍት ነው? ይተነፍሳል? ይደማል? ራሱን ያውቃል? እያለች ትለያለች።

እሱ፦ ቢጫ የተሰጠው ሰው እየጠበቀ ቢብስበትስ?

እሷ፦ ዋናው እሱ ነው! እንደገና ታይቶ ቀለሙ መቀየር አለበት። ድምፁን አጥፍቶ የተኛው ታካሚ ከሚጮኸው ይልቅ ያሰጋኛል።

እሱ፦ እንግዲህ አስታማሚ «ባሰበት» ብሎ ሲጣራ፣ ነርሷ ትዕግሥት አጣ ሳትል መጥታ ታካሚውን ትየው።