አሮጌዋ መርከብና የውኃው ልክ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ላሊበላ ከተማ የቀረበ ንግግር)



ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በደጋማው ላስታ መካከል ተሰብስበን ሳለ ስለ መርከብ ልናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። የላስታ ሰው ውኃን የሚያውቀው ሲወርድ እንጂ ሲተኛ አይደለም። የክረምቱ ዝናብ ከተራራው ተንደርድሮ፣ አፈሩንም ይዞ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ እናቶቻችን ለአንድ እንስራ ውኃ ረጅም ቁልቁለት ይወርዳሉ።

ይሁን እንጂ መርከብ ለዚህ አገር ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እዚሁ አጠገባችን የሚገኘው ቤተ ጊዮርጊስ በኖኅ መርከብ እንደሚመሰል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነገር ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ በጥልቅ ጉድጓድ መካከል የቆመውን ይህን ሕንፃ በመሐንዲስ ዓይን ያየው ሰው ግን ሌላም ነገር ያስተውላል። የጥንቶቹ ጠቢባን ዐለቱን ሲቀርጹ የዝናቡ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ አብረው አስበዋል። ሕንፃው ለዘመናት የቆየው በዐለቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በዚህ ጥንቃቄና ተከታዩ ትውልድ ቦዩን በመጥረጉ ጭምር ነው።

የዛሬው ንግግሬም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ቤተሰቤን ይዤ በአንዲት አነስተኛና አሮጌ መርከብ በጣና ሐይቅ ላይ ያደረግሁትን የዕረፍት ጉዞ መነሻ በማድረግ፣ አንድን አሮጌ መሣሪያ ሰው ሊሳፈርበት የተገባ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ አብረን እንድንመረምር እሻለሁ።

ጉዞው የተደረገው በጥር ወር 2011 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በዓል በኋላ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ባገኙበት ሰሞን ነበር። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እኔ ከላሊበላ ተነሥተን፣ በጋሸና በኩል ሕዝቡ የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራውን ጎዳና ይዘን፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አልፈን ባሕር ዳር ገባን። እናቴ ከተወለዱ ጀምሮ ሐይቅ አይተው አያውቁም ነበር።

እንደምታውቁት ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ነገር ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሚደርስ ገበታ መሰል ሐይቅ ነው። በዚያን ጊዜ መርከቧ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ በደቅ ደሴት በኩል አድርጋ፣ ቁንዝላ አድራ በማግሥቱ ጎርጎራ ትደርስ ነበር። በሌላው ዓለም ቤተሰብ ለዕረፍት የሚሳፈርባቸው መርከቦች ብዙ ሺህ ሰው የሚይዙ፣ ምግብ ቤትና መዋኛ የተሟላላቸው ናቸው። የእኛይቱ ግን ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ፣ በቀለም ላይ ቀለም የተደራረበባት፣ የእህል ጆንያና የለስላሳ መጠጥ ሣጥን በወለሏ ላይ የተደረደረባት ነበረች። ምግባችን ከቤት የያዝነው ድፎ ዳቦና በሶ፣ መቀመጫችንም የእንጨት አግዳሚ ነበር። ለልጆቹ ግን ይህ ሁሉ ደስታ ሆነላቸው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ነጫጭ ወፎች፣ ደሴቶቹን የሸፈነውን ደን እያዩ አንድም ጊዜ «መቼ ነው የምንደርሰው?» ብለው ሳይጠይቁ ዋሉ።

እናቴ ከሁሉ በፊት የመርከቧን የብረት ግድግዳ በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ብረት እንዴት አይሰጥምም?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ባዶ ጣሳ በገንዳ ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ በውስጡ የሚጨመረው ነገር በበዛ መጠን እየጠለቀ እንደሚሄድ፣ መርከብም ክብደቷን የሚያህል ውኃ ገፍታ እንደምትንሳፈፍ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እንግዲያ የሚያሰጥመው ብረቱ አይደለም፤ ልክ ማጣቱ ነው» አሉ። ይህ አነጋገር የዛሬውን ንግግሬን ሐሳብ በሙሉ ይይዛል።

አሮጌ መሣሪያ ባየን ቁጥር የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን በዕድሜው ላይ ነው። በሞተር ክፍሉ በር ቆሜ ሞተረኛውን ባነጋገርሁ ጊዜ ግን ዘይት የጠጣ አንድ ደብተር አሳየኝ። ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ የተተካው ዕቃ በእጅ ጽሑፍ ተራ በተራ ሰፍሮበታል። እኔም የመርከቧን ዕድሜ ከመጠየቅ ይልቅ ያን ደብተር ማንበብ እንደሚሻል ተረዳሁ። በእርግጥ ዕድሜ የራሱ ሕግ አለው። ጨው በሌለው ውኃ ላይ ብረት ከባሕሩ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚዝግ የሐይቅ መርከብ ዕድሜ ይረዝማል። በአንጻሩ የሐይቅ ውኃ ከባሕር ውኃ በመቶ 2.5 ያህል ስለሚቀል፣ ያው ጭነት መርከቧን ይበልጥ ያጠልቃታል፤ በ1,786 ሜትር ከፍታ ላይም አየሩ ስስ በመሆኑ ተራ ዲዝል ሞተር በባሕር ወለል ላይ የሚሰጠውን ያህል ጉልበት አይሰጥም። እነዚህ ሁሉ ሊለኩና ሊመዘገቡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። የሚያስፈራው ያልተለካውና ያልተመዘገበው ነው።

ለዚህም የጎረቤቶቻችን ሐይቆች በቂ ምስክር ናቸው። በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ሊዬምባ የምትባለው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን አገር ተሠርታ፣ ተፈታትታ በሣጥን ከተጓጓዘች በኋላ እንደገና የተገጣጠመች ናት። እ.ኤ.አ. በ1916 በጦርነት ምክንያት በገዛ ሰዎቿ እጅ ብትሰጥምም፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሐይቁ ወጥታ፣ ከ1927 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰውና ጭነት ስታመላልስ ኖራለች። በሌላ በኩል በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ቡኮባ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1996 ከብዙ መቶ ሰዎች ጋር ስትሰጥም ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2018 በዚያው ሐይቅ የተገለበጠችውና ከ220 በላይ ሰዎች ያለቁባት ኔሬሬ ደግሞ ከቡኮባም ያነሰ ዕድሜ ነበራት። አሮጊቱ ስትቆይ ወጣቶቹ ሰጠሙ። በሁለቱም አደጋዎች ከልክ በላይ መጫን ስሙ ተነሥቷል። እንግሊዛዊው የምክር ቤት አባል ሳሙኤል ፕሊምሶል ብዙ ከታገለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1876 በአገሩ ሕግ ያደረገው፣ በመርከብ ጎን ላይ የሚሰመረው የጭነት ልክ ምልክት የተፈለገው ስለዚሁ ነው። አንድ መስመር ቀለም ከአንድ አዲስ ሞተር ይልቅ ብዙ ሰው ሊያድን ይችላል።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። ደቅ ደሴት በደረስን ጊዜ በወደቡ ላይ ብዙ ሕዝብ ይጠብቅ ነበር። ከመርከቧ ሠራተኞች አንዱ የሚገባውን ሰው በጣቱ እየቆጠረ አስገባና በአንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ አገደ። ጆንያቸውን ተሸክመው የቀረቡ አያሌ ሰዎች በዳር ቀሩ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ «ወንድሜ፣ ለእኔ ብቻ» እያለች ብትለምነውም አልፈቀደላትም። መርከቧ ልትነሣ ስትል አንድ ወጣት ተሳፋሪ ቦታውን ለቀቀላትና ወረደ፤ እርሷም ገባች።

ያ ሠራተኛ ያደረገው ፍጹም ትክክል ነበር። እኔ በሙያዬ ብጠየቅ ይህንኑ አድርግ እለው ነበር። ነገር ግን እናቴ ወደ ዳሩ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «እኛ ለመዝናናት የያዝነው አምስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነው። እነዚህ ደግሞ ወደ ገበያና ወደ ሐኪም የሚሄዱ ናቸው» አሉኝ። የከፈልንበት ቦታ መሆኑን፣ የጎብኚ ገንዘብም መርከቧን ለመጠገን እንደሚረዳ ብነግራቸውም አላረካቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔንም አላረካኝም። ለእኛ ሽርሽር የሆነው ውኃ ለደቅ ሰው አውራ ጎዳናው ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ልክ መወሰን የመሐንዲስ ሥራ ነው። ይሁንና ልክ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ በሚገኝ መርከብ ላይ ጥብቅ ልክ ሲደረግ፣ በየሳምንቱ በዳር የሚቀር ሰው ይኖራል። በዳር የሚቀረው ሰው በበዛ መጠን ልኩን የሚያስከብረው ሠራተኛ ልመናውም፣ ጉቦውም፣ ቁጣውም ይበረታበታል፤ አንድ ቀን እጁን ያጥፋል። አደጋ የሚወለደው በዚያ ቀን ነው። ስለሆነም የጭነት ልክ የሚጠበቀው በቀለም መስመርና በቆራጥ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ የሚጠቀምበት በቂ ማመላለሻ ሲኖር ጭምር ነው። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ወደ ጣና የሚወስደውን የየብስ ጉዞ በጀመረች ጊዜ ብዙዎቻችን የተደሰትነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። አዲስነቷ ግን ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተምረናል፤ ደብተሩና ቆጣሪው ለእርሷም ያስፈልጓታል።

ሁለተኛው ልክ ከመርከቧ ውጭ ያለ ነው፤ ይኸውም የሐይቁ ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ የጨረጨራ ክተር ተሠራ፤ በ2001 ተጨማሪ በሮች ተደረጉለት። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የሚሄደውን ውኃ መመጠን ነበር። ዓላማው መልካም፣ ስሌቱም የሙያ ነበር። ነገር ግን የጣና መርከቦች ሊሄዱ የሚችሉት ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር ሳይወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከዝናቡ ማነስ ጋር ለኃይል ማመንጫው ብዙ ውኃ በመለቀቁ፣ በሰኔ ወር ሐይቁ ከዚህ ልክ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ አለ። መርከቦቹ ለአራት ወራት ያህል ቆሙ፤ በዳር ያለው ደንገልም በብዙ ሥፍራ ጠፋ። ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ማመንጫ ከዚያው ሐይቅ ውኃ ይወስዳል።

ይህን የምጠቅሰው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። መብራት ለአገር ያስፈልጋል፤ እኛም ላስታዎች የመብራትን እጦት በሚገባ እናውቀዋለን። ነገር ግን የክተሩን በር የሚከፍተው መሐንዲስና የመርከቧን ደብተር የሚጽፈው ሞተረኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተገናኙ፣ የአንዱ ትክክለኛ ሥራ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። የግማሽ ሜትር ውኃ በሥዕል ላይ ቀጭን መስመር ናት፤ ለደቅ ሰው ግን የአራት ወር መንገድ መዘጋት ናት።

ከዚህ የተነሣ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ ላቀርብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ በአገራችን ሐይቆች ላይ ሰው የሚያመላልስ ማናቸውም መርከብ የሰውና የጭነት ልኩ ተሳፋሪው ሁሉ ሊያነበው በሚችል ትልቅ የአማርኛ ጽሑፍ እንዲለጠፍ አባሎቻችን በየሚሠሩበት ቦታ እንዲያሳስቡ። ሁለተኛ፣ የሐይቅን ውኃ የሚነካ ማናቸውም ጥናት መርከቦቹ ሊሄዱ የሚችሉበትን ዝቅተኛ ከፍታ ከመነሻ ቁጥሮቹ አንዱ አድርጎ እንዲይዝ። ሦስተኛ፣ ወጣት መሐንዲሶቻችን መርምረው ባጸደቁት መሣሪያ ላይ ቢቻል ከነቤተሰባቸው እንዲሳፈሩ። ይህ ሦስተኛው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በመርከቧ ላይ ልጄን በጉልበቴ አስቀምጬ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹን በቆጠርሁ ጊዜ እንደ ቆጠርሁት ሁሉ በጥንቃቄ ቆጥሬ አላውቅም።

በአሮጌ ነገሮች የተሞላች አገር አለችን። ድልድዮቻችን፣ አውቶቡሶቻችን፣ ወፍጮዎቻችንና የውኃ ፓምፖቻችን ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ሁሉንም ባንድ ቀን በአዲስ ለመለወጥ የሚያስችል ሀብትም የለንም። ስለዚህ የሙያችን ትልቁ ክፍል ወደፊትም አሮጌውን ማወቅ፣ መለካት፣ መጠገንና ልኩን ማስከበር ሆኖ ይቆያል። በዚህ ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው ስሙ በምረቃ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ይሁን እንጂ እሑድ ማለዳ ተሳፍሮ ሰኞ በሰላም የሚወርድ ሰው ሁሉ የእርሱ ሥራ ነው።